ሐይቁ ከዳገቱ ይጀምራል፦ የሰው ሠራሽ ሐይቆቻችን ታሪክ ከጨርጨር ሲታይ

ከጭሮ ተነሥቶ በቁኒ አድርጎ ወደ በደሳ የሚሄድ መንገደኛ በምዕራብ ሐረርጌ ያለውን የጨርጨርን ጋራ ጀርባ ይሻገራል። ብዙ ሰው ይህን መንገድ በጫት፣ በቡናና በኩርባው ያስታውሰዋል። እኔ የማስታውሰው በውኃው ነው። ከጋራው በሰሜን በኩል የወደቀ ዝናብ ወደ ሚኤሶ ሜዳ ወርዶ የአዋሽን አቅጣጫ ይይዛል። በደቡብ በኩል የወደቀው ደግሞ በበደሳና በገለምሶ ሸለቆዎች አልፎ ወደ ዋቤ ሸበሌ ይሄዳል። ሁለቱም ወንዞች በደህናው ዓመት እንኳ ባሕር አይደርሱም። አዋሽ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ዋቤ ሸበሌ ጎርፉ ካልበረታ በቀር በሶማሊያ አሸዋና ረግረግ ውስጥ ይቀራል። ከጨርጨር የወጣ ነገር ሁሉ፣ ውኃውም አፈሩም፣ እዚሁ በአፍሪካ ቀንድ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

በደሳ ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ የላትም። እንዲያም ሆኖ በደሳ ሆኜ ስለ ሰው ሠራሽ ሐይቆች መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ማታ የምናበራው አምፖል የሚበራው በሌላ ሰው ቀዬ ላይ በተኛ ውኃ ነው። በሚኤሶ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በዚያው ውኃ ኃይል ነው። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ስኳርም ብዙ ዘመን የመጣው አዋሽ ተገድቦ ካጠጣው አገዳ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የበልጉ ዶፍ ሲወርድ ከማሽላው ማሳ ተጠርጎ የሚሄደውን ቀይ ጎርፍ ላየ ሰው ጥያቄው ከደጁ ነው። ያ አፈር የት ነው የሚያርፈው?

የሰው ሠራሽ ሐይቅ ታሪክ በእኛ አገር የሚጻፈው ከግድቡ ነው። የግንቡ ከፍታ በሜትር፣ የኃይሉ መጠን በሜጋ ዋት፣ የመረቀው ባለሥልጣን፣ የምረቃው ቀን ይጻፋል። እነዚህን እዚህም እጠቅሳለሁ፤ የሚያኮሩ ቁጥሮች ናቸው። ነገር ግን የአንድ እንዲህ ያለ ሐይቅ ታሪክ ሁለት የተዘለሉ ምዕራፎች አሉት፦ ከሥሩ የሰመጠው ቀዬ እና ከበላዩ ያለው ማሳ። የመጀመሪያው ሐይቁ በማን ኪሣራ እንደ ተወለደ ይናገራል፤ ሁለተኛው መቼ እንደሚሞት። ይህን ዳሰሳ የምጽፈው እነዚህን ሁለቱን ይዤ ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።)

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ትልቅ የውኃ ኃይል ማመንጫ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሠርቶ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። ለዛሬ ትንሽ ይመስላል፤ በዘመኑ ግን የአዲስ አበባ ብርሃን እሱ ነበር። አባ ሳሙኤልን የጎዳው እርጅና ብቻ አልነበረም። ከበላዩ ያለችው ከተማ ናት። አቃቂ የአዲስ አበባን እድፍ ሁሉ ተሸክሞ ይገባበታል፤ ደለሉ ሞላው፤ ውኃውን አረም ሸፈነው። ተርባይኑ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2016 ዳግም ሥራ ጀመረ። ማሽኑ ታደሰ፤ ከላይ የሚወርደው ውኃ ግን የዚያችው ከተማ ውኃ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው ትልቅ የኃይል ሐይቅ ለቀጣዮቹ ሁሉ የተወው ትምህርት ይህ ነበር፤ በጊዜው አልተማርነውም።

የቆቃ ታሪክ ከዚህ ይሰፋል። ጣሊያን በ1956 በተደረገ ስምምነት ለኢትዮጵያ የጦርነት ካሳ ለመክፈል ተስማማች፤ ገንዘቡም የቆቃን ግድብ ለመሥራት ዋለ። ግድቡ በ1960፣ በእኛ 1952 ዓ.ም.፣ ተመረቀ። 43 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ከሱ በታች አዋሽ 2 በ1966፣ አዋሽ 3 በ1971 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው ተከተሉ። ሐይቁ ገሊላ ተባለ፤ ዳሩ ላይም የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ነበር። የአዋሽ ጎርፍ በዚህ ግድብ ተገታ፤ የወንጂ አገዳ ዓመቱን ሙሉ ውኃ አገኘ፤ በኋላም የመተሐራ። አዳማም የምትጠጣው ከዚሁ ውኃ ነው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለአገር ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ለሚፈልግ ቆቃ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ፍርደ ገምድል ነው።

ይሁን እንጂ የደም ካሳ ሆኖ የመጣው ገንዘብ የተኛበት ሜዳ ባለቤት ነበረው። የላይኛው አዋሽ ዳር የጅሌ ኦሮሞዎች የበጋ ግጦሽ ነበር። አርብቶ አደር የበጋ ግጦሽ ሲያጣ አንድ ማሳ እንዳጣ ገበሬ አይደለም። ክረምት የሚውልበት ደጋማ ሣር ሞልቶ ቢገኝም፣ ድርቅ ሲመጣ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ከሌለው ከብቱ ያልቃል። የወንዝ ዳር ከመላው መሬት ጥቂቱ ክፍል ነው፤ የቀረው መሬት ዋጋ የሚኖረው ግን በሱ ነው። ይህን ስሌት በጊዜው የግድብ መሐንዲስም ሆነ የመሬት ባለሥልጣን አላሰላውም። ወደ ታች ስንወርድ ከረዩዎችም እንዲሁ የወንዝ ዳራቸውን ለመተሐራ አገዳና በ1966 ለተቋቋመው ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለቀቁ። ከጨርጨር ወርደው በፈንታሌ የሰፈሩት ኢቱዎች ዘመዶቻችንም በዚያው በጠበበው ግጦሽ ላይ ነው ከከረዩ ጋር የሚኖሩት። የአዋሽ ግድብ ታሪክ ስለዚህ የቆላ ሰዎች ታሪክ ብቻ አይደለም። የበደሳ ሽማግሌ ፈንታሌ ውስጥ የአጎት ልጅ አለው።

ከበደሳ ወይም ከጭሮ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሁሉ መተሐራ ላይ የሚያየው ሌላ ሐይቅ አለ፤ በሰቃ። በሰቃን ማንም አልገደበም፤ ሰው ሠራሽ ተብሎም አይመዘገብም። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ትንሽ ውኃ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የባቡር ሐዲዱን ጎድቷል፤ አስፋልቱ በጥቁር ድንጋይ እየተሞላ ደጋግሞ ከፍ እንዲል አስገድዷል፤ ግጦሽና መኖሪያ ውጧል። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለመስኖም ለመጠጥም አይረዳም። ስለ ምክንያቱ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፦ ከምድር በታች የሚገፋው ፍል ውኃና የስምጥ ሸለቆው መንቀሳቀስ አንደኛው ነው፤ ከአገዳውና ከጥጡ መስኖ የሚተርፈው ውኃ ደግሞ ሌላው። እኔ በሰቃን ሰው ካበጃቸው ሐይቆች ተርታ የማስገባው ለዚህ ነው፤ በሐሳብ ያልተሠራ፣ ግን ያለ ሰው እጅ ይህን ያህል የማይሰፋ። አዋሽን ገድበን ስናዞር ሌላ ሐይቅ ሳናስበው እያሳደግን ነበር።

የቆቃ ሁለተኛ ታሪክ የደለል ታሪክ ነው። አሠራሩን በቀላሉ ማየት ይቻላል። ወንዝ አፈር የሚሸከመው በፍጥነቱ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ይረጋል፤ ሲረጋ ሸክሙን ይጥላል። ከባዱ አሸዋ መግቢያው ላይ ይቀራል፤ ደቃቁ ጭቃ እስከ ግድቡ ግንብ ድረስ ይሄዳል። ግድብ ሲነደፍ ከታች ለደለል የሚሆን ቦታ ይተውለታል፤ ይህ ቦታ ለምሳሌ ለ50 ዓመት ከታሰበና ከላይ ያለው ዳገት ደኑን ካጣ፣ 50ው ዓመት 20 ሊሆን ይችላል። ቆቃ ሲሠራ ከያዘው መጠን ከሩብ በላይ የሚሆነውን በአርባ ዓመት ውስጥ ለደለል አስረክቧል። የአፈሩ መነሻ ራሱ የላይኛው አዋሽ የሸዋ ማሳዎች ናቸው። በሐይቁ ላይ እምቦጭ የተባለው አረምም አለ። በአገራችን እምቦጭ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው፤ ጣና ላይ ከመታየቱ አርባ ስድስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በሞጆ ወንዝ በኩል ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ገባበት፤ ውኃው አረንጓዴ ሆኖ የዳር ነዋሪው የሚጠጣው ነገር እስኪያስፈራው ደረሰ። ሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ዓሣ ያጠምዳል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣል፤ ኑሮውን ከሐይቁ ያገኛል። ሐይቁን የሚያበላሸው ግን እሱ አይደለም። ከላይ ያለው ነው።

ፊንጫ ሌላ መልክ አለው። ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ የጮመን ረግረግ የሚባል ሰፊ የከብት አገር ነበር። ግድቡ በ1973 ኃይል መስጠት ሲጀምር ረግረጉ ሐይቅ ሆነ፤ ሣሩ፣ የእርሻው መሬትና ደኑ ከውኃው በታች ቀሩ። ከዚያ የተነሡት ሰዎች ወደ ዳገቱ ወጡ፤ የሚያርሱት መሬት ያጡ ስለነበር ያላረሱትን ተዳፋት አረሱ። ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ ወደ ሐይቁ ወረደ። የፊንጫን ነገር ያስተዋለ ሰው ሁለቱ የተዘለሉ ምዕራፎች አንድ መሆናቸውን ያያል። ካሳ ያላገኘው ተፈናቃይ ነው ደለሉን የሚልከው፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን ሌላ የሚያርሰው ስለሌለው።

በዋቤ ሸበሌ በኩል ያለው ትልቁ ሐይቅ መልካ ዋከና ነው፤ በ1988 በሶቪየት እርዳታ ተሠርቶ 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። እሱ ከእኛ ወንዞች መገናኛ በላይ፣ በአርሲና በባሌ መካከል ስለሆነ የጨርጨርን አፈር አይቀበልም። በአዋሽ በኩል ግን ተንዳሆ አለ። በታችኛው አዋሽ፣ በዱብቲ አካባቢ፣ ከ1 ነጥብ 8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ለመያዝ የተሠራው ይህ ግድብ 60 ሺህ ሄክታር የአገዳ መሬት ያጠጣል ተብሎ ነው የተጀመረው። በጎርፍ ጊዜ ከሚኤሶ በኩል የሚወርደው የሰሜን ጨርጨር አፈርም የመጨረሻ ማረፊያው እሱ ነው። በአፋር ሜዳ የተሠራ ሐይቅ ዕድሜ ዶባና ጡሎ ላይ በሚሠራ እርከን ይወሰናል ቢባል ማጋነን አይደለም።

የከሰም ግድብ ደግሞ የሌላ ሥጋት ምሳሌ ሆነ። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው ከበረቱት አንዱ ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰው ቀዬውን ለቆ ወጣ። በምሥራቅ በኩል ያለነውም ቤታችን ሲነቃነቅ ተሰምቶናል። በዚያን ጊዜ የሁሉ ሰው ዓይን የዞረው ወደ ከሰም ግድብ ነው፤ ከሥሩ በሜዳው ላይ ሕዝብ አለና። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚሠራ ሐይቅ ከአፈሩ በተጨማሪ ከምድሩም ጋር መስማማት አለበት።

ትልልቆቹን በፍጥነት ልለፋቸው፤ ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏል። ግልገል ጊቤ 1 በ2004፣ ተከዜ በ188 ሜትር ግንቡ በ2009፣ 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት ያለው ጊቤ 3 በ2016። የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ፣ ንጋት የሚል ስም ያለው ሐይቅ። ለሱ ቦንድ ያልገዛ መሥሪያ ቤትና ቀበሌ የለም፤ የምዕራብ ሐረርጌ መምህርና ገበሬም ድርሻውን ሰጥቷል። በዚህ ሐይቅ መኩራት ይገባናል። መኩራት ግን ከዓባይ ዳር ተነሥተው የሰፈሩትን የጉሙዝ ቤተሰቦች ታሪክ ከመጻፍ አያግድም። ድርሻ ያዋጣ ሰው ስለ ድርሻው ሙሉ ታሪክ የመጠየቅ መብት አለው።

ሌሎች አገሮች ይህን ታሪክ እንዴት እንደ ያዙት ማየት ይጠቅማል። የአስዋን ታላቁ ግድብ ሲሠራ በግብፅና በሱዳን ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን ከቀዬአቸው ተነሡ። የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ከ1964 እስከ 1968 በዓለም ርብርብ ድንጋይ በድንጋይ ተቆርጠው ወደ ላይ ተወሰዱ። የሱዳን ኑቢያውያን ደግሞ ከዋዲ ሃልፋ ተነሥተው ወደ ሐሽም አል ጊርባ ተላኩ፤ እዚያም በአትባራ ወንዝ ላይ የተሠራ ሌላ ግድብ መሬታቸውን እንዲያጠጣ። አትባራ የተከዜ መዳረሻ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ አፈር እየወረደ የሐሽም አል ጊርባን ሐይቅ ከግማሽ በላይ ሞላው። አንድ ሐይቅ ከቀዬአቸው ያስነሣቸውን ሰዎች ሁለተኛው ሐይቅ ውኃ ነፈጋቸው፤ ያ የሆነው እኛ ዘንድ አንድ ገበሬ ዳገት ስላረሰ ነው። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ሐዘን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

የዛምቢያና የዚምባብዌው ካሪባ ደግሞ የሚያስቀና ነገር አለው። ወደ 57 ሺህ የሚጠጉ የቶንጋ ሰዎች ከዛምቤዚ ሸለቆ ተነሥተዋል። ኤልሳቤጥ ኮልሰንና ታየር ስከደር የተባሉ አጥኚዎች ግን ከመነሣታቸው በፊት፣ በ1956፣ ወደዚያ ሄደው የሕዝቡን ኑሮ መዘገቡ፤ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት እየተመላለሱ በአዲሱ ሰፈር ምን እንደ ሆኑ ተከታተሉ። የቶንጋ ልጅ ዛሬ አያቱ የት እንደ ኖሩ፣ ከብቱ ስንት እንደ ነበር፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ሰከነ ማንበብ ይችላል። የጅሌ ልጅ፣ የጮመን ልጅ፣ የጉሙዝ ልጅም እንደዚያ ይገባው ነበር።

ትንንሽ ግድቦችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ በደሳን የሚመለከታት በዋናነት ይህኛው ነው። በትግራይ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሥር ዓመት 500 ትንንሽ ግድቦች ለመሥራት ታቅዶ ነበር። የተሠሩት ጥቂት ደርዘኖች ናቸው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ውኃ አፈሰሱ፣ አንዳንዶቹ ደለል ሞላቸው። በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመው የቴድሮስ አድኃኖምና የባልደረቦቻቸው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ፦ በግድቦቹ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ከራቁት መንደሮች በሰባት እጥፍ በዝቶ ተገኘ። ይህ ግድብ አትሥሩ ማለት አይደለም። የግድቡ በጀት ውስጥ አጎበርና ጤና ኬላ ካልተቆጠረ፣ የተገኘው ሽንኩርት በልጅ ትኩሳት ይከፈላል ማለት ነው። ሜጫ ላይ ቆጋ 7 ሺህ ሄክታር ለማጠጣት ተሠርቷል፤ ብዙ ገበሬም በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያመርት ረድቷል። ጎንደር ከተማን የሚያጠጣው አንገረብ ግን ከታሰበለት ዕድሜ ፈጥኖ በደለል ተጎዳ። ልዩነቱ በኮንክሪቱ ጥራት ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ ከላይ ያለው ተዳፋት ማን እንደሚያርሰውና እንዴት እንደሚያርሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ግድብ የሌለበት ነው። ሐረማያ ተፈጥሮ የሰጠችው ሐይቅ ነበር። ሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሱ ነው። ጫቱና አትክልቱ በፓምፕ እየተጎተተ ጠጣው፤ ከዙሪያው ዳገት የወረደው አፈር ጥልቀቱን በላው፤ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጭራሽ ደረቀ። ሕፃናት የሐይቁ ወለል ላይ ከብት ጠበቁ። ሐረር ውኃዋን ከድሬዳዋ ሜዳ ጉድጓዶች በፓምፕ ወደ ላይ ለማስወጣት ተገደደች። ከዓመታት በኋላ ዝናቡ ሲበዛና ዳገቱ ላይ ሥራ ሲሠራ ውኃው ተመልሶ ታየ፤ ሰዎች ከሩቅ እየመጡ አዩት። ሐረማያ የሞተው በግድብ አይደለም፤ የተመለሰውም በግድብ አይደለም። ሐይቅ የሚኖረውም የሚሞተውም ዙሪያው ባለው መሬት ነው፤ ሰው ሠራውም፣ እግዜር ሰጠውም።

ምዕራብ ሐረርጌ ይህን በእጁ ያውቃል። ጫቱ የሚተከልበት ተዳፋት በድንጋይ እርከን የሚያዘው የአባቶቻችን ሥራ ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ሥራ የተካበው እርከንና የተሠራው ክትርም ብዙ ነው። አንዳንዱ ቆሟል፤ አንዳንዱ ለቀን ሥራው ቁጥር ብቻ ተክቦ በመጀመሪያው በልግ ፈርሷል። ቆሞ የቀረው የት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ባለ ማሳው ራሱ አስቦበት የሠራበት ቦታ ነው። ስለ ውኃ ማቆር፣ ስለ ኩሬና ስለ ትንሽ ግድብ የሚያወራ ባለሙያ ወደ በደሳ ሲመጣ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ወደ ዳገቱ ነው። ዳገቱ ካልተያዘ ኩሬው ሁለት ክረምት አይሻገርም፤ ይህን ለማወቅ ቆላው ላይ ጭቃ ሞልቶ ሣር የበቀለበትን አንድ ኩሬ ማየት ይበቃል።

ኦዳ ቡልቱም የኢቱና የሁምበና ገዳ የተሰበሰበበት፣ ሕግ የወጣበት ቦታ ነው፤ ያውም ከበደሳ ብዙ አይርቅም። ስለ ግጦሽ፣ ስለ ወንዝ ዳርና ስለ ምንጭ ሕግ በቃል የተላለፈው ከእንዲህ ያለ የዛፍ ጥላ ሥር ነው። ጨርጨር በራስ ተፈሪ ዘመን፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያስተዳድሯት፣ ለሌላው አገር የአስተዳደር ምሳሌ እንድትሆን የተመረጠች አውራጃ ነበረች። ዛሬም ምሳሌ መሆን የምትችልበት ጉዳይ አለ። ውኃን ከላይ መያዝ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛውን በጭሮ ያለውን ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲን፦ ከጨርጨር ወርደው በአዋሽ ዳር የሰፈሩ ኢቱዎችን፣ የወንዝ ዳራቸውን ያጡትን ከረዩዎችና የቆቃን ሜዳ የሚያስታውሱ ጅሌዎችን ታሪክ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ በድምፅ ይዛችሁ በጽሑፍ አስቀምጡልን። በ1952 ዓ.ም. ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። ሁለተኛውን የወረዳውን የግብርና ሠራተኞችና የማሳውን ባለቤቶች፦ ለማንኛውም ግድብ ወይም ኩሬ አንድ ብር ከመመደቡ በፊት ከበላዩ ያለው ተዳፋት እርከን ይኑረው፤ የባለ ማሳዎቹም ስምምነት በጽሑፍ ይያዝ። በልጉ የካቲት ላይ ይገባል። እስከዚያ ድረስ ለመካብ የሚበቃ ድንጋይ ዳገቱ ላይ አለ።